የሰፈራችሁን ልጆች ክረምት ላይ ለማሰባሰብ፦ ከእድር ድንኳን እስከ መስከረም ማለዳ

በዕጣ በተሰባሰበ ኮንዶሚኒየም የሚያድግ ልጅ በረንዳ ላይ ቆሞ ወደ ግቢው ሲያይ ብዙ ልጅ ያያል፤ በስም የሚጠራው ግን የለውም። ወላጆቹም ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ከሰላምታ አያልፉም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያሉትን ጥቂት የክፍል ጓደኞቹንም ያጣል፤ ሐምሌና ነሐሴን በር ተዘግቶበት ከስልክና ከቴሌቪዥን ጋር ይገፋል። እኔና አምስት ጎረቤቶቼ በአዲስ አበባ ዳር ባለው ግቢያችን የልጆች የክረምት መርሐ ግብር የጀመርነው ይህን አይተን ነው። ሦስት ክረምት አካሂደናል። የተሳሳትንበት ብዙ ነው፤ የሠራልንም አለ። እናንተም በሰፈራችሁ ለመጀመር ካሰባችሁ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ምን ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ከዚህ በታች ጽፌላችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት አዘጋጆቹ ቁጭ ብላችሁ በአንድ ነገር ተስማሙ። አንዱ ማጠናከሪያ ትምህርት ይሁን ይላል፤ ሌላው የእግር ኳስ ውድድር፤ ሌላዋ ደግሞ የመዝጊያ ትርኢት ታስባለች። እኔ ሦስት ክረምት አይቼ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ልጅ ድፍረት የሚያገኘው ሌሎች ልጆች የሚጠብቁት ሥራ በእጁ ሲኖር ነው፤ ጓደኛም የሚያፈራው እዚያው ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሐሳብ ሲቀርብ «እዚህ ውስጥ ዝምተኛው ልጅ ምን ይሠራል? እሱ ቢቀር ምን ይጎድላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካልተገኘ ሐሳቡን ተዉት።

ሰኔ ላይ፦ ቦታ፣ ሰዓትና ሰው

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ የጋራ መጠቀሚያውን ቤት (ኮሚናሉን) ከኮሚቴው ጠይቁ። ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲመጣ እንደምትለቁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኮሚናል ከሌለ የእድር ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አለ። የእድሩን ሊቀመንበር ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው፤ ድንኳኑ ለሐዘን በተፈለገ ጊዜ ወዲያው ተጣጥፎ እንደሚመለስም ቃል ግቡ። ወረዳችሁ የወጣት ማዕከል ካለው እሱንም ጠይቁ፤ ባይኖረውም ልጆች ልትሰበስቡ መሆኑን ለወረዳው አሳውቁ። የትም ይሁን የት፣ ቦታው ምድር ላይ ይሁን። ባለ አራት ፎቅ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች አሳንሰር የላቸውም፤ መራመድ የሚቸግረው ልጅ ደረጃ ሥር እንዳይቀር።

ሰዓቱን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት አድርጉት። የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከምሳ በኋላ ይበረታል፤ ጠዋት ላይ ግቢ ውስጥ ለመሮጥ ዕድል አለ። በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ጀምራችሁ ስድስት ሳምንት ብትሄዱ 18 ቀን፣ በድምሩ 54 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት አንዴ ሙሉ ቀን ከመሰብሰብ ሦስት ጊዜ ጥቂት ሰዓት መገናኘት በጣም ይሻላል። ሰኞ የተኳረፉ ልጆች ረቡዕ ከተገናኙ ይረሱታል፤ ሳምንት ከቆዩ ግን ኩርፊያው ሥር ይሰዳል።

ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ ስለሚገባ የሚጾሙት ልጆች ቅዳሴ ይሄዳሉ። በየቀኑ ለልጆቹ የምታድሉትን ዳቦ ያን ጊዜ ወደ መርሐ ግብሩ መጨረሻ አዙሩት፤ ቤቱ ይዞ የሚሄድም ይያዝ። መድረሳ የሚሄዱ ልጆች ካሉም ሰዓታቸውን ከወላጆቻቸው ጠይቃችሁ የየቀኑን ዋና ሥራ ሰዓት በዚያ አስተካክሉ። ይህን ሳያደርግ የጀመረ ሰው በአራተኛው ሳምንት ግማሽ ልጅ ሲጎድልበት ግራ ይጋባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከ30 ልጅ በላይ አትቀበሉ። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 13 ቢሆን ጥሩ ነው። ለየስድስቱ ልጅ አንድ መሪ ያስፈልጋል፤ ከዘጠነኛ እስከ አስራ አንደኛ ክፍል ያሉ የሰፈሩ ልጆች ለዚህ ሥራ ከእኛ ከትልልቆቹ ይበልጣሉ። ከነሱ በላይ ደግሞ ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ይገኝ። አንዱ ታሞ ቢቀር የቀኑን መርሐ ግብር ሰርዙ።

ምዝገባ

ማስታወቂያ በር ላይ መለጠፍ አይበቃም። ማስታወቂያ አንብቦ የሚመጣው ወላጅ ብዙ ጊዜ ልጁን ቀድሞውንም ከሰው የሚያገናኝ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ልጅ ግን በሩ ካልተንኳኳ አይመጣም፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በየቤቱ አንኳኩ። ስታንኳኩ ደግሞ በሩን የከፈተችላችሁን ልጅ እዩ። ከገጠር ወደ ዘመድ ቤት መጥታ ሕፃን የምትይዝ፣ ሽንኩርት የምትልጥ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ በብዙ ቤት አለች። የቤቱን ልጆች ስትመዘግቡ «እሷስ?» ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ቢሏችሁ «በሳምንት አንድ ቀን ብቻ» በሉ። ተስፋ አትቁረጡ፤ እኛ በሁለተኛው ክረምት ሦስት እንዲህ ያሉ ልጆች ነበሩን፤ ሦስቱም የተገኙት ሁለተኛ ጊዜ ስናንኳኳ ነው።

የምዝገባው ወረቀት አንድ ገጽ ይብቃው። የልጁ ስምና ዕድሜ፣ ሁለት የወላጅ ስልክ፣ ልጁን ማን ሊወስድ እንደሚችል፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ወይም የማይስማማው ምግብ እንዳለ ይጻፍበት፤ ወላጅም ይፈርምበት። አዋቂ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን እንዳይሆን፣ ፎቶም ያለ ወላጅ ፈቃድ በቴሌግራም ሆነ በፌስቡክ እንዳይወጣ አዘጋጆቹ ሁሉ ይወቁ። ልጆች ሲገቡም ሲወጡም ይቆጠሩ። ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ዙሪያውን በእግራችሁ ዙሩ፤ ለግንባታ ተቆፍሮ ዝናብ የሞላው ጉድጓድ በየክረምቱ የልጅ ሕይወት ይቀጥፋል። ጉድጓድ ካገኛችሁ ሳይከደን ወይም ሳይታጠር አትጀምሩ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

እዚያው ስትመዘግቡ ልጁን ራሱን አንድ ጥያቄ ጠይቁት። «ከማን ጋር መሆን ትፈልጋለህ? አንድ ስም ንገረኝ።» የጠራውን ልጅ በቡድኑ ውስጥ አግኙለት። ማንንም ያልጠራውን ልጅ ግን በሌላ ወረቀት ለብቻው ጻፉት። ያ ወረቀት ከሁሉም ወረቀታችሁ ይበልጣል። ክረምቱን ሙሉ በየዓርቡ አውጥታችሁ እያንዳንዱን ስም እያነበባችሁ «ይህ ልጅ ዛሬ ከማን ጋር ነበር?» ብላችሁ ተነጋገሩበት።

ቡድን ስትመድቡ ብሎክ ከብሎክ፣ ትልቅ ከትንሽ፣ ሴት ከወንድ ቀላቅሉ። ማንንም ያልጠሩትን አንድ ላይ አታጭቁ፤ እያንዳንዳቸው ደግ ታላቅ ልጅ ካለበት ቡድን ይግቡ። አማርኛ ገና የሚለምድ ልጅ ካለ በመጀመሪያው ሳምንት በራሱ ቋንቋ እስከ አሥር መቁጠር ለቡድኑ ያስተምር፤ ገመድ ሲዘለል በዚያ ቋንቋ ይቆጠር። አስተማሪ ሆኖ የጀመረ ልጅ ቶሎ ይለመዳል።

የመጀመሪያው ቀን

ልጆቹን አሰልፋችሁ አንድ በአንድ «ስምህን፣ ዕድሜህን፣ ስታድግ ምን መሆን እንደምትፈልግ ተናገር» አትበሉ። ደፋሩ ይናገራል፤ ዓይን አፋሩ ተራው እስኪደርስ ልቡ ይመታል፤ ሲደርሰው አንገቱን ይደፋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «የማይናገረው ልጅ» ይባላል። ዓይን አፋርነት በሽታ አይደለም። በኛ ቤት ትልቅ ሰው ፊት ዝም የሚል ልጅ «ጨዋ» ተብሎ ሲመሰገን ኖሮ፣ ድንገት ሰላሳ ሰው ፊት ተናገር ሲባል ቢደነግጥ ምን ይገርማል?

እኛ አግዳሚዎቹን ሆን ብለን ግቢው ዳር ላይ እንተዋቸዋለን። ልጆቹ ሲመጡ «ወንበር እናስገባ» እንላለን። አግዳሚ ለአንድ ልጅ ይከብዳል፤ ለሁለት ይበቃል። አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይዘው «ቀስ በል»፣ «ወደ ግራ»፣ «ቆይ እግሬን» እየተባባሉ ድንኳን ሲደርሱ ስም ተጠያይቀዋል። ልጁን ለቆ መሄድ ያስፈራው ወላጅ ቢኖር ይቀመጥ፤ ግን ለእሱም ሥራ ስጡት። ዝም ብሎ ልጁን የሚያይ ወላጅ ልጁንም ያስፈራዋል።

ሥራ

በሁለተኛው ክረምት አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። የእናቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ትመጣለች፤ እናቷ ስትሄድ የድንኳኑ ምሰሶ ሥር ትቆማለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቃል አልወጣትም። እኛም «አይዞሽ» ከማለት በቀር የምናደርገው አልነበረንም። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ዳቦ ቆጣሪዋ ልጅ አሟት ቀረች። የቡድኑ መሪ ዘንቢሉን አንስታ ለዚህች ልጅ ሰጠቻትና «ስንት እንደሆንን ቆጥረሽ ንገሪኝ፤ ዳቦ የማስመጣው አንቺ በነገርሽኝ ልክ ነው» አለቻት። ልጅቷ በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። አንድ ልጅ ከድንኳን ወጥቶ ሲመለስ አየችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። «ሃያ ሰባት» አለች፣ ለመሪዋ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ዳቦው መጣና ማደል ጀመረች። መሐል ላይ አንድ ልጅ የራሱን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ሌላ ሊያነሳ ሲል «ይጎድላል!» ብላ ጮኸች። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ልጁ ዳቦውን መለሰ። የመጨረሻውን ዳቦ ለመጨረሻው ልጅ ሰጥታ ባዶውን ዘንቢል ገልብጣ አራገፈችው። ረቡዕ ስትመጣ ሁለት ልጆች በር ላይ ጠብቀው «ዛሬ ስንት ነን?» አሏት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራ የሌለው ልጅ እንዳይኖር አደረግን። ደወል የሚመታ፣ ስም የሚጠራ፣ ገመድ የሚያወጣና የሚቆጥር፣ የእጅ መታጠቢያውን ጀሪካን የሚሞላ፣ በር ላይ ቆሞ አዲስ የመጣ ልጅን ወደ ቡድኑ የሚያደርስ፣ የድንኳን ካስማ የሚይዝ። ሥራው እውነተኛ ይሁን፤ ልጁ ካልሠራው የሚቀር። መሪው በጎን ሄዶ የሚሠራለት ከሆነ ልጁ ወዲያው ያውቃል። በየሳምንቱ አቀያይሩ፤ ዝምተኛው ግን የለመደውን ሁለት ሳምንት ይቆይበት። ደወሉ ዘግይቶ ቢመታ ዘግይታችሁ ጀምሩ፤ አትቆጡ። ሌሎቹ ልጆች ራሳቸው ይነግሩታል።

ሲያደርግ ያያችሁትንም በስሙ ንገሩት። «ጎበዝ» ቀላል ቃል ስለሆነ ለሁሉም ይሰጣል፤ ልጆችም ያውቁታል። «ገመዱ ሲያጥራት የራስሽን ጫፍ ስትለቂላት አይቻለሁ» ስትሏት ግን ያን ቀን ቤቷ ሄዳ ትናገረዋለች።

ጨዋታና ውድድር

በመጀመሪያው ክረምት ብሎክ ለብሎክ የእግር ኳስ ውድድር አዘጋጅተን ዋንጫ ገዛን። በሁለተኛው ሳምንት የአንዱ ብሎክ ልጆች በሌላው ደረጃ ማለፍ ፈሩ፤ ስድቡ ወላጆች ዘንድ ደረሰ፤ የተሸነፉት ቡድኖች ትንንሾች ደግሞ መምጣት አቆሙ። ዋንጫውን ያነሱት ልጆች ከዚያ በፊትም ጓደኛሞች የነበሩ ናቸው። አዲስ ጓደኛ ያገኘ ልጅ አላየሁም። በዚህ እስከ ዛሬ አዝናለሁ፤ ከቀሩት ልጆች ሁለቱ ተመልሰው አልመጡምና።

ይህ በሌላ አገር ከታየ ቆይቷል። ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ሮበርስ ኬቭ በሚባል መናፈሻ፣ 22 ወንዶች ልጆችን በዕረፍት ወራቸው ካምፕ አስገብቶ በሁለት ቡድን ከፈላቸው። ለሽልማት ሲወዳደሩ ተሰዳደቡ፤ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ፤ በሌሊት የመኝታ ክፍል ወረሩ። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ቡድን አንድ ላይ አብልተው፣ ፊልም አሳይተው ሊያቀራርቡ ቢሞክሩም ጠቡ አልበረደም። የበረደው የካምፑ ውኃ ሲቋረጥ ሁሉም መስመሩን ለመፈተሽ ሲወጡ፣ ምግብ የሚያመጣው መኪና አልነሳ ሲል ደግሞ ሁሉም አንድ ገመድ ይዘው ሲጎትቱት ነው። ገመዱ ቀደም ሲል እርስ በርስ የተጓተቱበት ያው ገመድ ነበር። ችግሮቹን ያዘጋጁት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ልጆችን ሳያሳውቁ እንዲህ ማድረግ አይፈቀድም። እናንተ ግን ችግር መፍጠር አያስፈልጋችሁም። በየሰፈራችን እውነተኛ ችግር ሞልቷል።

የእኛ ግቢ በር አጠገብ በየክረምቱ ጭቃ የሚሆን ጥግ ነበረው። በሁለተኛው ክረምት ዋንጫውን ትተን ጠጠር አስደፋን። ልጆቹ ከክምሩ እስከ ጭቃው ተሰልፈው ትንንሽ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ አቀባበሉ። መስመሩ መሐል አንድ ልጅ ቢጠፋ ባልዲው ይቆማል፤ ስለዚህ ሽንት ቤት የሚሄድ ልጅ «ቦታዬን ያዙልኝ» ይላል። ለአራት ጠዋት ሠሩ። ችግኝ መትከልም እንዲሁ ይሆናል፤ ወቅቱም የተከላ ነው፤ ግን ከተከላ በኋላ ችግኙን የሚጠብቅ ቡድን ይመደብ፤ አለዚያ ፎቶ ብቻ ይቀራል።

ጨዋታ ስትመርጡ የተሳሳተ ልጅ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። «የወደቀ ይውጣ» በሚባለው ጨዋታ መጀመሪያ የሚወጣው ሁልጊዜ ያው ደካማው ልጅ ነው፤ ዳር ተቀምጦ ሌሎቹን ያያል። በሱዚ ግን የተሳሳተችው ልጅ ገመድ ያዥ ትሆናለች፤ ያለሷ ጨዋታው አይሄድም። መሐረቤን ያያችሁም ሁሉንም ክብ ውስጥ ያቆያል። ለዝምተኛ ልጅ ደግሞ እንደ ገበጣ ያለ የለም፤ ከአንድ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳይናገር ግማሽ ሰዓት አብሮ ይቆያል፤ ወሬው በራሱ ጊዜ ይመጣል። ገበጣ ለመግዛት አትቸገሩ። 30 እንቁላል የሚይዘው የካርቶን ትሪ አምስት በስድስት ነው፤ ሁለት ሁለት መደዳ ስትቆርጡ ከአንድ ትሪ ባለ 12 ጉድጓድ ሁለት ገበጣ ይወጣል። በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር፣ ለአንድ ገበጣ 48። ጠጠሩን ልጆቹ ራሳቸው ይልቀሙ።

ዝናብ ሲመጣ፦ እንቆቅልሽና ተረት

የአባባ ተስፋዬን ተረት በቴሌቪዥን እያየን ያደግን ሰዎች ተራኪ ሲባል ትልቅ ሰው ይታየናል። እዚህ ግን ልጁ ይተርክ። እንቆቅልሽ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ልጁ «እንቆቅልሽ» ሲል ሁሉም «ምን አውቅልህ» ማለት አለበት። የሚፈራ ልጅ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ተናግሮ የሚመልስለት ማጣት ነው፤ እዚህ መልሱ ገና ከመናገሩ በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ያልተመለሰለት ደግሞ አገር ይሰጠዋል። ዓርብ ዕለት እያንዳንዱን ልጅ «ሰኞ ከአያትህ ወይም ከጎረቤት አንድ እንቆቅልሽ ይዘህ ና» በሉት።

ተረቱን ደግሞ ከፋፍሉት። በ1971 እ.ኤ.አ. ኤሊየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ፣ ነጭና ጥቁር ልጆች በአንድ ክፍል መማር ሲጀምሩ የተነሳውን መናቆር ለማብረድ ትምህርቱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ የሰጠበት ዘዴ አለ። ልጁ የራሱን ቁራጭ አጥንቶ ለቡድኑ ያስረዳል፤ እሱን ካልሰሙት ትምህርቱ አይሞላላቸውም። እኛ ይህን በተረት አደረግነው። መሪው አንድ ተረት ስድስት ቦታ ቆርጦ ለእያንዳንዱ ልጅ በጆሮው ድርሻውን ይነግረዋል፤ ማንበብ ለማይችለውም ይሆናል። ከዚያ ልጆቹ ተረቱን ራሳቸው ይገጥሙታል። በተረቱ ውስጥ ያለው ዝንጀሮ እንዴት እንዳመለጠ የሚያውቀው የመንተባተብ ችግር ያለበት ልጅ ብቻ ከሆነ፣ አምስቱ አንገታቸውን አስግገው እስኪጨርስ ይጠብቁታል። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዷ ልጅ ቃሉን ልትጨርስለት ስትል ሌላው «ተዪው፣ እሱ ነው የሚያውቀው» አላት።

ሲጣሉ

ይጣላሉ። እናንተ ፈራጅ አትሁኑ። ሁለቱ የተጣሉት እያንዳንዳቸው አንድ ሽማግሌ ከልጆቹ መካከል ይምረጡ፤ አራቱ ዳር ተቀምጠው ይነጋገሩ፤ የደረሱበትን መጥተው ይንገሯችሁ። ሁለት ነገር ግን ለሽማግሌ አይተውም። ድብደባ አንዱ ነው፤ ሌላው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳት ወይም አባት የለውም ተብሎ የሚሰነዘር ስድብ ነው። ያን ጊዜ ጨዋታው ሁሉ ይቁም፤ አዋቂ ይግባበት፤ በዚያው ቀን ለሁለቱም ወላጅ ይነገር።

የመጨረሻው ሳምንት

መድረክ ሠርታችሁ ልጆቹን አታሰልፉ። ወላጆችን ጥሩና እያንዳንዱ ቡድን ለወላጆች አንድ ጨዋታ ያስተምር። አባትየው ሱዚ ሲሳሳት ልጁ ገመድ ያስይዘዋል። የቡሄ ሰሞን ከሆነና የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ከሆነ ያ የራሳቸው ነው፤ መርሐ ግብራችሁን ግን የሁሉም እምነት ልጅ የሚገኝበት ቀን ላይ ዝጉት። ድንኳኑን ልጆቹ ይጠቅልሉ፤ ካስማውን ቆጥረው ራሳቸው ለእድሩ ያስረክቡ።

ከዚያ አንድ ሥራ ይቀራችኋል። ያን ማንንም ያልጠሩ ልጆች የተጻፉበትን ወረቀት አውጡና ከእያንዳንዱ ስም ጎን የሚማርበትን ትምህርት ቤት ጻፉ። በዚያው ትምህርት ቤት ወይም በዚያው መንገድ የሚሄድ የቡድኑን ልጅ ፈልጉለት። ጳጉሜን ላይ የሁለቱን እናቶች ቤት አንኳኩና ትምህርት በሚጀመርበት ቀን ጠዋት ልጆቹ ከየትኛው በር ላይ፣ በስንት ሰዓት እንደሚገናኙ አብራችሁ ወስኑ። እኛ ዝርዝሩን በልጆቹ ስም ሳይሆን በብሎክና በሰዓት ጽፈን ለግቢው ጥበቃ እንሰጣቸዋለን፤ እሳቸው በር ላይ ቆመው «ጓደኛህ ገና አልወረደም፣ ጠብቀው» ይሉታል።